ብሩስ፦ ከባኖክበርን እስከ ግሽ ዓባይ

ብሩስ የስኮትላንድ የቤተሰብ ስም ነው። በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት የስኮትላንድ ነገሥታት፣ ሁለት የሕንድ እንደራሴዎች፣ አንድ የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሴናተርና አንድ የደቡብ ዋልታ አሳሽ አሉ። ተራራ፣ ልሳነ ምድር፣ የኑክሌር ጣቢያ፣ የከብት በሽታና ዋጊኖስ የሚባለው የእኛው የመድኃኒት ተክል ሳይቀር ስሙን ተሸክመዋል። አማርኛ አንባቢ «ብሩስ» ሲባል ቀድሞ የሚመጣለት ግን ጎንደር የገባው ጀምስ ብሩስ ነው። ስለ እሱ በአማርኛ እዚህም እዚያም ተጽፏል። ስለ ቀሩት ብሩሶች ግን አንድ ላይ የተሰበሰበ ነገር ማግኘት ይቸግራል። ይህ ዳሰሳ ክፍተቱን በመጠኑ ለመሙላት የተዘጋጀ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የስሙ መነሻ

እኛ አገር ስም ከአያት አልፎ ብዙም አይሄድም። ብሩስ ግን ዘጠኝ መቶ ዓመት ያለፈው ስም ነው። መነሻው ደግሞ ስኮትላንድ ሳይሆን ፈረንሳይ ናት። በኖርማንዲ፣ ኮታንታን በሚባለው ልሳነ ምድር ላይ ብሪ የምትባል መንደር አለች። ቤተሰቡ ከዚያ ተነስቶ ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ባሕሩን ተሻገረ። በ1124 ገደማ የስኮትላንዱ ንጉሥ ዳዊት ቀዳማዊ አናንዴል የተባለውን የድንበር ሸለቆ ለሮበርት ደ ብሩስ ርስት አድርጎ ሰጠው። ከዚያ በኋላ ያለው መቶ ሃምሳ ዓመት አብዛኞቹ ሮበርት በሚባሉ ብሩሶች የተሞላ ነው። አንዱን ከሌላው መለየት ለታሪክ ጸሐፊም ራስ ምታት ነው።

ነገሥታቱ

በ1290 የስኮትላንድ ዙፋን ያለ ወራሽ ቀረ። «ለእኔ ይገባል» የሚሉ ብዙ ሰዎች ተነሡ፤ ከእነሱ አንዱ የአናንዴሉ ሮበርት ብሩስ ነበር። ዳኛ ሆኖ የተጠራው የእንግሊዙ ኤድዋርድ ቀዳማዊ በ1292 ለጆን ባሊዮል ፈረደ። ብሩሶች ፍርዱን አልተቀበሉትም፤ ጥያቄውም ወደ ልጅ ልጅ ተሻገረ።

የልጅ ልጁ ሮበርት በ1274 ተወለደ። የትውልድ ቦታው ተርንቤሪ ነው የሚሉት ይበዛሉ። የካቲት 10 ቀን 1306 ደምፍሪስ ከተማ በሚገኝ የፍራንሲስካውያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀናቃኙን ጆን ኮምይንን ወጋው። ነገሩ ታስቦበት ይሁን በጠብ መሐል የመጣ፣ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ መጋቢት 25፣ ስኩን ላይ ነገሠ። ዘውዱን በራሱ ላይ የደፋችለት ኢዛቤላ የምትባል የቡካን እመቤት ነበረች። ለዚህ ሥራዋ እንግሊዞች በቤሪክ ግንብ ላይ በፍርግርግ ሣጥን ውስጥ አሠሯት።

ንግሥናው ክፉኛ ነው የጀመረው። ሰኔ ላይ ሜትቨን በሚባል ቦታ ተሸነፈ፣ ሚስቱና ልጁ ተማረኩ፣ ሦስት ወንድሞቹ ተገደሉ። ዋሻ ውስጥ ተደብቆ ድሯን ደጋግማ የምትሠራ ሸረሪት አይቶ ተጽናና የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው። ተረቱ ደስ ይላል፤ ተጽፎ የተገኘው ግን ንጉሡ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ስለሆነ እንደ ታሪክ መያዝ አይቻልም።

ባኖክበርን ግን ተረት አይደለም። ሰኔ 23 እና 24፣ 1314 ስኮቶች ከእነሱ የሚበልጠውን የኤድዋርድ ዳግማዊን ሠራዊት ስተርሊንግ አጠገብ አሸነፉ። በመጀመሪያው ቀን ሄንሪ ደ ቦሁን የሚባል እንግሊዛዊ ባላባት ንጉሡን ነጥሎ አየው። ጦሩን አስተካክሎ ጋለበበት። ሮበርት የተቀመጠው በትንሽ ፈረስ ላይ ነው፤ በእጁ ያለው መጥረቢያ ብቻ። ጦሩ ሲደርስ ፈረሱን ወደ ጎን አሸሸና ከእርካቡ ብድግ ብሎ የሰውየውን ራስ ቁር ከነራስ ቅሉ ፈለጠው። መኳንንቱ «እንዴት ራስህን ለዚህ አደጋ ታጋልጣለህ?» ብለው ሲቆጡት፣ የመጥረቢያዬ እጀታ መሰበሩ ነው ያሳዘነኝ አለ ይባላል።

ከዚያ በኋላ በ1320 የስኮትላንድ መኳንንት ነፃነታቸውን የሚያስረግጥ ደብዳቤ ለሮም ጳጳስ ጻፉ። በ1328 እንግሊዝ ንግሥናውን በስምምነት ተቀበለች። ሮበርት በቀጣዩ ዓመት ሰኔ 7 ሞተ። ሥጋው ደንፈርምሊን ገዳም ተቀበረ፤ ልቡን ግን ጀምስ ዳግላስ በትንሽ ሣጥን አንግቶ ወደ ቅድስት አገር ጉዞ ጀመረ። ዳግላስ እስፔን ላይ ተገደለ፣ ልቡ ወደ አገሩ ተመልሶ ሜልሮዝ ገዳም ተቀበረ። በ1996 እንደገና የተገኘው ሣጥን በ1998 በክብር ወደ መሬት ተመልሷል።

ወንድሙ ኤድዋርድ ብሩስ አየርላንድ ሄዶ ነገሠና በ1318 በጦርነት ሞተ። የሮበርት ልጅ ዳዊት ዳግማዊ ዕድሜው ያለፈው በስደትና በምርኮ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት እንግሊዝ ታስሯል። በ1371 ያለ ልጅ ሲሞት ዙፋኑ በእህቱ በኩል ወደ ስቱዋርቶች ዞረ።

ጀምስ ብሩስ፣ የኪናርዱ

ጀምስ ብሩስ ታኅሣሥ 14 ቀን 1730 ከስተርሊንግ ብዙም በማይርቀው ኪናርድ ተወለደ። በወንድ መስመር ከተቆጠረ ብሩስ አይደለም። አያቱ ሄይ የሚባል ሰው ነበር፤ የኪናርድ ወራሽ የሆነችውን የብሩስን ልጅ አግብቶ የእሷን ስም ወሰደ። ጀምስ ግን ዕድሜ ልኩን የንጉሡ ዘር ነኝ እያለ ነው የኖረው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከዘጠና በላይ፣ ጠጉሩ ቀይ፣ ቁጣው ቅርብ። የመጀመሪያ ሚስቱ በተጋቡ በወራት ውስጥ ፓሪስ ላይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። በ1763 አልጀርስ ቆንስል ሆኖ ሄደ፤ ሕክምናውንም ዐረብኛውንም የለቃቀመው በእነዚህ ዓመታት ነው። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሠዓሊ ቀጥሮ ይዞ ነበር። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልን።

ምጽዋ የደረሰው መስከረም 1769 ሲሆን ጎንደር የገባው የካቲት 14 ቀን 1770 ነው። ጊዜው ክፉ ነበር። በ1769 አፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደሉ። የተተኩት ሽማግሌው አፄ ዮሐንስ ዳግማዊም ያንኑ ዓመት ሳይዘልቁ ሞቱ፤ ተመርዘው ነው ይባላል። ዙፋኑ ላይ የተቀመጡት ገና ወጣት የነበሩት አፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ ናቸው። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ዘመነ መሳፍንት የሚሉት ሲጀምር ብሩስ በሩ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ያንን ጊዜ በዓይኑ አይቶ በዝርዝር የጻፈ ሌላ የውጭ ሰው የለም።

በሩን የከፈተለት ፈንጣጣ ነው። በሽታው ቁስቋም በሚገኘው የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ገብቶ ልጆቹን ያዘ። እቴጌይቱ ሐኪም ነው የተባለውን ፈረንጅ አስጠሩ። ብሩስ እንደጻፈው መጀመሪያ ያደረገው በርና መስኮቱን ሁሉ ማስከፈት ነው። ከዚያ ክፍሎቹን በሙቅ ውሃና በሆምጣጤ አሳጠበ፣ ዕጣንና ከርቤ በብዛት አስጨሰ። ልጅ ክንፉ ዳነ። የክንፉ እናት ወይዘሮ አስቴር የእቴጌይቱ ልጅ፣ የራስ ሚካኤልም ባለቤት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ብሩስ ጎንደር ላይ ዘመድ አገኘ ማለት ይቻላል። ስሙም ያዕቆብ ሆነ።

በግቢው የተሰጠው ማዕርግ ባለሟል ነው፤ የፈረሰኛ ጦር አዛዥም ተብሏል። ጠላት ማፍራትም ያውቅበት ነበር። የራስ ሚካኤል ዘመድ ከሆነ ገብረ መስቀል ከሚባል ባለጠመንጃ ጋር በመጠጥ ላይ ተጣላ። የተጣሉት በተኩስ ችሎታ ነው። ብሩስ በእኔ ጠመንጃ የገባ የሻማ ቁራጭ ከአንተ ጥይት ይበልጣል አለው። ነገሩ ንጉሡ ጆሮ ደረሰ፣ አድርገህ አሳይ ተባለ። ጠመንጃውን ሻማ አጉርሶ ተኮሰ፤ ሦስት ጋሻ በሳ። ሞራ ጋሻ መብሳቱን ያየ የግቢ ሰው አስማት ነው ብሎ ቢያወራ አይፈረድበትም።

ወደ ዓባይ ምንጭ የመጀመሪያ ሙከራው ግንቦት 1770 ነበር፤ ጢስ ዓባይን አይቶ በጦርነቱ ምክንያት ተመለሰ። ሁለተኛው ተሳካ። የዳሞቱ ፋሲል መንገድ ከፈተለት፣ ኅዳር 4 ቀን 1770 ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ደረሰ። የአገሩ አገዎች ቦታው የተቀደሰ ስለሆነ ጫማህን አውልቅ አሉት። አወለቀ፤ ቁልቁለቱንም በሩጫ ወረደ። ሜዳው በአበባ የተሸፈነ ነው፤ ሽንኩርት የመሰለው ሥራቸው ከመሬት ወጥቶ ሲረገጥ ያንሸራትታል። ሁለቴ ክፉኛ ወደቀ። ከታች ያገኘው በረግረግ መሐል እንደ መሠዊያ ከፍ ያለ፣ ሣር የለበሰ ቁልል ነው፤ መሐሉ ላይ ምንጩ አለ። በኮኮናት ቅርፊት ውሃውን ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ሣልሳዊ ጤንነት ጠጣ። የአገሩ ሰው ይህን ጸበል አድርጎ ነው የሚጠጣው።

«የዓባይን ምንጭ አገኘ» የሚለውን ብዙ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ይደግሙታል። ትክክል አይደለም። ምንጩን የሚጠብቅና በየዓመቱ ጊደር የሚያርድ ባለቤት ነበረው፤ ብሩስ ራሱ ነው ይህን የጻፈው። ከአውሮፓውያንም ቢሆን ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞት ቆሟል። ብሩስ ግን ፓኤዝ አልደረሰም ብሎ እስከ መጨረሻው ተሟግቷል። ረጅሙ ገባር ነጭ ዓባይ መሆኑ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከዚህ የከፋው ባሉጋኒ ላይ የፈጸመው ነው። ሠዓሊው ግሽ ድረስ አብሮት ሄዷል። የሞተው ከዚያ ተመልሰው በ1771 ጎንደር ላይ ነው። ብሩስ ግን ከጉዞው በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ፤ ሥዕሎቹንም የራሱ አስመሰለ። ጤፍን፣ ኮሶን፣ ወፎቻችንንና ዛፎቻችንን ለአውሮፓ መጀመሪያ በጥሩ ሁኔታ ያሳዩት ሥዕሎች የባሉጋኒ እጅ ናቸው። ይህን ዛሬ አጥኚዎቹ ተቀብለውታል።

ግንቦት 1771 ራስ ሚካኤል ሠርባኩሳ ላይ ከበጌምድርና ከአማራ መሳፍንት ጋር ተዋግተው ተሸነፉ። ብሩስ በንጉሡ ወገን ነበር፣ የወርቅ ሐብልም ተሸልሟል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ጎንደርን ለቀቀ። ራስ ፊል በምትባል የሱዳን ድንበር አካባቢ ተቅማጥ ሊገድለው ሲል የአገሩ ሰው ዋጊኖስ ቀምሞ ሰጠው፤ ዳነ። ዘሩን ይዞ ሄደ፣ አውሮፓ ላይ በቀለ። የሳይንስ ስሙም ብሩሴያ አንቲዲሴንቴሪካ ተባለ። መድኃኒቱን የሰጠው ሰው ስም ግን የትም አልገባም። ከሰናር እስከ አስዋን ያለውን በረሃ ሲያቋርጥ ግመሎቹ አለቁ፤ ጓዙን፣ የብራና መጻሕፍቱን ጭምር፣ ጥሎ በእግሩ አስዋን ገባ። ከዚያ ግመል አግኝቶ ተመልሶ አነሣው።

እነዚህ መጻሕፍት ናቸው የብሩስ ትልቁ ሥራ። ከምንጩም ከጀብዱውም ይበልጣሉ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ አውሮፓ ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር አጥቶት ነበር። ብሩስ ሦስት ቅጂ አመጣ። አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፣ ሌላው ኦክስፎርድ ቦድሊያን ገባ። በ1821 የወጣው የመጀመሪያው እንግሊዝኛ ትርጉም ከኦክስፎርዱ የተሠራ ነው። ክብረ ነገሥትም አምጥቷል፣ የነገሥታት ዜና መዋዕልም። ጎንደር ላይ መኃልየ መኃልይን በአማርኛ፣ በአገው ቋንቋዎች፣ በኦሮምኛና በጋፋት አስተርጉሞ ነበር። ጋፋት ዛሬ የሚናገረው የለም። ያ ትርጉም ስለ ቋንቋው ከቀሩን ጥቂት ማስረጃዎች አንዱ ነው። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈውን ስናስብ፣ ብሩስ ያመጣቸው በግዢ፣ በስጦታና በማስገልበጥ የተገኙ መሆናቸው ልዩነት አለው።

ለንደን በ1774 ሲመለስ ተሳቀበት። በተለይ አክሱም አካባቢ ወታደሮች ከቁም ከብት ሥጋ ቆርጠው ቆዳውን መልሰው ሲሰፉ አየሁ ማለቱን ማንም አልዋጠለትም። ጥሬ ሥጋ ለእኛ ወግ ነው፤ ከቁም ከብት የሚለው ግን ቢኖር እንኳ የዘማች ሥራ እንጂ የአገር ልማድ አይመስልም። ከእሱ በኋላ የመጣው ሄንሪ ሶልትም ታሪኩን ተጠራጥሯል። ብሩስ ተቀይሞ ኪናርድ ገባ። አምስት ቅጽ የሆነው የጉዞ መጽሐፉ የወጣው በ1790 ነው። ብዙውን ከዓመታት በኋላ በቃል እየነገረ ስላስጻፈው ቀኖቹ ይምታታሉ። ሚያዝያ 27 ቀን 1794 እንግዳ ሴት ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከገዛ ቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። ላርበርት ያለው ሐውልቱ ከብረት የተሠራ ነው፤ የቀለጠውም የእሱን ድንጋይ ከሰል ይገዛ በነበረው ካሮን ፋብሪካ ነው።

የጉዞ መጽሐፉን ሁለተኛ እትም በ1805 ያዘጋጀው አሌክሳንደር መሪ የእረኛ ልጅ ነበር። ስኮትላንድ ተቀምጦ ከመጽሐፍ ግዕዝ ተማረ። ራስ ወልደ ሥላሴ ለጆርጅ ሣልሳዊ የላኩት ደብዳቤ ለንደን ሲደርስ የተረጎመው እሱ ነው።

ኤልጊኖች

የኤልጊን ባላባቶች የቤተሰብ ስማቸው ብሩስ ነው፤ መኖሪያቸው ደንፈርምሊን አጠገብ ያለው ብሩምሆል። ሰባተኛው፣ ቶማስ ብሩስ፣ በኦቶማን መንግሥት የእንግሊዝ አምባሳደር ነበር። ከ1801 ጀምሮ ከአቴናው ፓርተኖን ዕብነ በረዶዎቹን አስነቅሎ ወሰደ፣ በ1816 ለእንግሊዝ መንግሥት በ35,000 ፓውንድ ሸጠ። ፈቃድ ነበረኝ ብሏል፤ ግሪኮች አይቀበሉትም። ቅርስ የተወሰደበት አገር ሰው ለማን እንደሚያዳላ መናገር አያስፈልግም።

ልጁ ጀምስ፣ ስምንተኛው፣ ከ1847 እስከ 1854 የካናዳ ገዢ ነበር። በ1849 ለአመፅ ተጎጂዎች ካሣ የሚከፍለውን ሕግ ሲፈርም የተቆጡ ሰዎች ሞንትሪያል ያለውን ፓርላማ አቃጠሉ። በ1860 ደግሞ እሱ በተራው ቤጂንግ ያለውን የቻይና ነገሥታት የበጋ ቤተ መንግሥት አስቃጠለ። በ1863 የሕንድ እንደራሴ ሆኖ እዚያው ሞተ። የእሱ ልጅ ቪክተርም ከ1894 እስከ 1899 ሕንድን ገዝቷል።

ሌሎች ብሩሶች

ዴቪድ ብሩስ ሜልቦርን ተወልዶ ስተርሊንግ ያደገ የጦር ሐኪም ነው። በ1887 ማልታ ላይ ወታደሮችን የሚያሠቃየውን ትኩሳት ተህዋሲ ለየ፤ በሽታው ዛሬ ብሩሴሎሲስ ይባላል። ከብት ያስወርዳል፣ ሰውን በጥሬ ወተት በኩል ይይዛል፤ አርብቶ አደር አካባቢ ያሉ የእንስሳት ሐኪሞቻችን በደንብ ያውቁታል። ቀጥሎ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዙሉላንድ ሄዶ ሌላ የከብት በሽታን ከቆላ ዝንብ ጋር አያያዘ። በምዕራብ ኢትዮጵያ ገንዲ የምንለው የዚሁ ዘር ነው፤ ከተህዋሲዎቹ አንዱም በስሙ ይጠራል። ባለቤቱ ሜሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከጎኑ አልተለየችም። በ1931 እሷ ከሞተች ከአራት ቀን በኋላ እሱም ሞተ።

ዊሊያም ስፒርስ ብሩስ ከ1902 እስከ 1904 ስኮሺያ በተባለች መርከብ ደቡብ ዋልታን አሰሰ። ሎሪ ደሴት ላይ ያቋቋመውን የአየር ሁኔታ ጣቢያ ለአርጀንቲና አስረከበ፤ እስከ አሁን ይሠራል። እንግሊዞች የዋልታውን ሜዳልያ ነፈጉት፤ ስኮቶች ይህን አይረሱም።

ብላንሽ ብሩስ በ1841 ቨርጂኒያ በባርነት ተወለደ። ከ1875 እስከ 1881 ሚሲሲፒን ወክሎ በአሜሪካ ሴኔት ተቀመጠ፤ ሙሉ ዘመኑን የጨረሰ የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር ነው። በኋላ በግምጃ ቤት ሹመቱ ፊርማው በአሜሪካ የገንዘብ ኖት ላይ ታትሟል።

ስታንሊ ሜልቦርን ብሩስ ከ1923 እስከ 1929 የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር፤ በመጨረሻው ምርጫ የራሱን ወንበር እንኳ አጣ። በ1930ዎቹ የኢትዮጵያ ጉዳይ ጄኔቭ ላይ ሲንከባለል በመንግሥታት ማኅበር የአውስትራሊያ ተወካይ እሱ ነበር። ከሙዚቀኞቹ የክሪም ባንድ ቤዝ ተጫዋች ጃክ ብሩስ ይጠቀሳል።

ቦታዎች

ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ የብሩስ አውራጃና የብሩስ ልሳነ ምድር በስምንተኛው ኤልጊን ስም የተሰየሙ ናቸው። ስምንት ሪአክተር ያለው የብሩስ ኑክሌር ጣቢያ ሂዩሮን ሐይቅ ዳር ነው። ከናያጋራ ተነስቶ ቶበርሞሪ የሚደርሰው የብሩስ የእግር መንገድ በ1967 ተከፈተ። ቶሮንቶ ያለ ሐበሻ በበጋ ልጆቹን ይዞ ልሳነ ምድሩ ጋ ሄዶ ከሆነ፣ የኤልጊንን ስም ረግጦ ተመልሷል።

ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ 1,234 ሜትር ከፍታ ያለው የብሩስ ተራራ አለ፤ የተሰየመው በአንድ የጦር አዛዥ ነው። ካንቤራ ውስጥ የአገሪቱ የስፖርት ተቋም የሚገኝበት ሰፈር በጠቅላይ ሚኒስትሩ ስም ይጠራል። ለንደን፣ ቶተንሃም ያለው ብሩስ ግንብ ሙዚየም ነው፤ መሬቱ የብሩሶች ሆኖ ሮበርት ሲነግሥ ተወርሶባቸዋል።

ስሙ በጊዜ ብዛት የመጠሪያ ስምም ሆኗል። በቪዲዮ ቤት ዘመን ሰፈሩን ሁሉ ካራቴ ያስጀመረው ብሩስ ሊ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። የቤተሰቡ ስም ሊ ነው፤ ብሩስ የሚለው በ1940 ሳን ፍራንሲስኮ ሲወለድ የወጣለት የእንግሊዝኛ ስም ነው።